ከፍግ የተሠራ አምባ

እናቴ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀው ጤናዬን ነው፤ ቀጥሎ ብርዱን። ሆላንድ በገባሁ በሦስተኛው ወር ግን አዲስ ጥያቄ አመጣች።

“ተራራውስ እንዴት ነው?”

“እማ፣ እዚህ ተራራ የለም።”

“ኮረብታስ?”

“እሱም የለም። ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ወንበር ላይ ብትቆሚ ማዶ ያለው ከተማ ይታይሻል።”

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ “ሃሎ? ሃሎ?” አልኩ።

“አለሁ፣ አለሁ። ታዲያ ከብት ሲጠፋባቸው የት ወጥተው ነው የሚያዩት?”

መልስ አልነበረኝም። ስቄ አለፍኩት። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። ይኸው ስንት ዓመት ሆነው፤ አሁንም ባቡር ውስጥ ተቀምጬ ያንን አረንጓዴ ሜዳ ሳይ ትዝ ይለኛል።

ያደግኩት ደሴ ነው። ደሴን ለማታውቁ፣ ከተማው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ተቀምጧል፤ ጦሳ ደግሞ ከላይ ሆኖ ይጠብቀዋል። ጠዋት መስኮት ስትከፍቱ ጦሳ አለ። ማታ ስትዘጉ ጦሳ አለ። ጉም ከለበሰ እናቴ የተሰጣ ልብስ ታስገባለች፤ ሬዲዮው ምን እንዳለ ግድ አይሰጣትም። አዝዋ ገደል አፋፍ ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩ ደግሞ ጉልበታችሁ ይከዳችኋል። ልጅ ሆኜ ተራራ የሚወጣ ነገር አይመስለኝም ነበር። ከጀርባ ያለ ነገር ነው፤ እንደ ግድግዳ።

ከደሴ ትንሽ ወጣ ስትሉ ቦሩ ሜዳን ታገኛላችሁ፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1878 የሃይማኖት ጉባኤ የጠሩበት ቦታ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። እዚህ ከኖርኩ ወዲህ ሁለቱ እየተምታቱብኝ ተቸግሬአለሁ።) ስሙ እንደሚለው ሜዳ ነው። ያ ሜዳ ግን ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። እኛ እንግዲህ ሜዳ የምንለው ይሄን ነው።

አሁን የምኖረው ሌሊስታድ ነው። ከተማው የቆመበት መሬት በ1950ዎቹ አጋማሽ ላይ ገና ውሃ ውስጥ ነበር። በ1932 ሆላንዶች የባሕሩን ወሽመጥ 32 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ግድብ ዘጉትና ሐይቅ አደረጉት። ከዚያ ከሐይቁ ላይ እየከለሉ፣ ውሃውን በፓምፕ እየመጠጡ መሬት አወጡ። የኛ ክፍል የደረቀው በ1957 ነው። የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች የገቡት በ1967። ከተማው የተሰየመው የግድቡን ሥራ ባቀዱት መሐንዲስ በኮርኔሊስ ሌሊ ስም ነው። ሰፈሬ ከባሕር ወለል 3 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። የቋንቋ አስተማሪያችን በመጀመሪያው ቀን ቦርዱ ላይ አንድ መስመር ሠራች። ከመስመሩ በላይ ዓሣ፣ ከመስመሩ በታች አልጋ ሣለች። “እኛ የምንተኛው ከዓሣ በታች ነው” አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከሀገሩ ሩብ የሚሆነው ከባሕር በታች ነው። ከሁሉም ዝቅ የሚለው ሮተርዳም አጠገብ ያለ ቦታ ሲሆን 6.76 ሜትር ይወርዳል፤ መንገድ ዳር ምልክት አቁመውለታል። እኛማ ዳሎል አለን፤ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ። በዝቅታም እንበልጣቸዋለን ብዬ ለሥራ ባልደረቦቼ ፎክሬ አውቃለሁ። ልዩነቱ ዳሎል ላይ ፓምፑ ቢቆም የሚመጣ ውሃ የለም።

ሳይክል የተማርኩት እዚህ መጥቼ፣ በ30 ዓመቴ ነው፤ ለመጤ ሴቶች በተዘጋጀ ሥልጠና። ሱማሌ፣ ሶርያ፣ ኤርትራ፣ እኔ። ሜዳው ላይ ሁላችንም በሳምንት ለመድን። ከዚያ አሠልጣኟ “ዛሬ ተራራ እንወጣለን” አለችን። ደሴዬ ነኝና በልቤ ፈገግ አልኩ። ተራራ የተባለው በቦይ ላይ የተሠራ ድልድይ ነበር። ከፍታው የአንድ ፎቅ ቤት ያህል ቢሆን ነው። ሦስቴ ወረድኩ፣ ሦስቴ ገፋሁት። የጦሳ ልጅ ድልድይ አቃታት! ይህን ለእናቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

የሀገሬው ሰዎች “የኛ ተራራ ነፋስ ነው” ይላሉ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ዜላንድ ውስጥ ባለው ትልቁ የማዕበል መከላከያ ላይ ነፋስ ፊት ለፊት እየገፋቸው ሳይክል የሚነዱበት ውድድር አላቸው። ማርሽ የሌለው ተራ ሳይክል፣ ማዕበል ሲነሣ ብቻ።

እውነተኛውን ተራራ ለማየት ግን ወደ ደቡብ ጫፍ መሄድ አለባችሁ፤ ቫልስ ወደምትባለው ከተማ። አንድ ቅዳሜ ከደባርቅ ልጅ ጋር ሄድን። ከደባርቅ ማለት፣ ራስ ዳሸን ካለበት ከሰሜን ተራሮች ሥር። ባቡር፣ ሌላ ባቡር፣ ከዚያ አውቶቡስ። ከሦስት ሰዓት በላይ ፈጀብን። ከአውቶቡስ ወርደን በጫካ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር ተጓዝን። ልጆች ያስከተሉ ቤተሰቦች እያለከለኩ ያልፉናል፤ ከዘራ የያዙ፣ የተራራ ጫማ ያደረጉ አሉ። ካፌዎችና የጥብስ ድንች ሽታ ያለበት ቦታ ደረስን። ጓደኛዬ ዙሪያውን አየና “እሺ፣ ተራራው የቱ ጋ ነው?” አለኝ።

ቆመንበታል።

ቫልሰርቤርኽ 322 ሜትር ነው። ድንጋይ አቁመው ቁጥሩን ጽፈውበታል። ጓደኛዬ ድንጋዩን ተደግፎ ሰልፊ ተነሣ፤ ፎቶውን ደባርቅ ላለው ወንድሙ ላከ። በደቂቃ ውስጥ መልስ መጣ፦ “ከታች ነው ወይስ ከላይ?”

እኔ ግን ቦታውን ወደድኩት። ሆላንድ፣ ቤልጂየምና ጀርመን የሚገናኙት እዚያው ነው። በአንድ ድንጋይ ዙሪያ ተራምዳችሁ በሦስት ሰከንድ ሦስት ሀገር ትገባላችሁ። ተራራ ከተራራ አይገናኝም ይባላል፤ እዚህ አንድ ጉብታ ሦስት መንግሥት ያገናኛል። ድሮ እንዲያውም አራት ነበሩ። አጠገቡ የዚንክ ማዕድን የነበረበት ትንሽ መሬት ነበር። ማዕድኑን ማን ይውሰድ በሚለው ሳይስማሙ ቀሩና ከ1816 ጀምሮ የማንም ያልሆነ ግዛት አድርገው ተዉት። ገለልተኛ ሞርስኔት ይሉታል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1920 ወደ ቤልጂየም እስኪገባ ድረስ አንድ ምዕተ ዓመት እንዲሁ ኖረ። እኔና ጓደኛዬ ለዓመታት በእጃችን የመኖሪያ ወረቀት ሳይኖር ካምፕ የተቀመጥን ሰዎች ነን። የማንም ያልሆነ መሬት ሲባል ቀልዱ ቀነሰብን። ድንቹን ዝም ብለን በላን።

(ሕጉን ለሚወዱ፦ ከ2010 ወዲህ የሆላንድ ከፍተኛ ቦታ ቫልስ አይደለም። በዚያ ዓመት የካሪቢያኗ ሳባ ደሴት በልዩ አስተዳደር የሀገሩ አካል ሆነች፤ እዚያ ያለው እሳተ ገሞራ ከ850 ሜትር ያልፋል። የሠፈሬ ሰዎች ግን ይህን ስነግራቸው ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። ለእነሱ ተራራው ቫልስ ነው፤ በቃ።)

የኛ ሰዎች ስም ከሆላንድ ኮረብታ ጋር የተያያዘበትም ቦታ አለ። ናይሜኸን ከተማ አጠገብ፣ ከ150,000 ዓመት ገደማ በፊት ከሰሜን የወረደ የበረዶ ግግር አሸዋና ጠጠር እየገፋ የቆለላቸው ኮረብታዎች አሉ። በየዓመቱ ኅዳር አካባቢ በእነሱ ላይ የ15 ኪሎ ሜትር ሩጫ ይደረጋል፤ ስሙ “የሰባቱ ኮረብታዎች ሩጫ” ነው። በ2009 ጥሩነሽ ዲባባ እዚያ 46 ደቂቃ ከ28 ሰከንድ ገብታ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። በ2019 ደግሞ ለተሰንበት ግደይ 44 ደቂቃ ከ20 ገባች፤ ከጥሩነሽ ሰዓት ሁለት ደቂቃ ከስምንት ሰከንድ ቀንሳ። በ15 ኪሎ ሜትር ሁለት ደቂቃ! ያን ቀን መንገድ ዳር ነበርኩ፤ ፔርሙስ ሻይ ይዤ፣ አፍንጫዬ ቀልቶ። አጠገቤ የቆመ ሰውዬ “ኮረብታው አይከብዳትም?” አለኝ። ሳልመልስለት አልፋ ሄደች። የጫማዋን ድምፅ እንኳ በደንብ አልሰማሁም።

ሁሉም ኮረብታ እንዲህ አያስደስትም። ድሬንተ በሚባለው ክፍለ ሀገር የቆሻሻ ተራራ አለ። ከ1930ዎቹ ጀምሮ የትላልቅ ከተሞች ጥራጊ በባቡር እየተጫነ ይመጣ ነበር፤ ኮምፖስት ሊያደርጉት። የተረፈው ተቆለለ። አሁን አፈርና ሣር አልብሰውታል፣ የሳይክል መንገድ ሠርተውበታል። በ2023 የአውሮፓ የብስክሌት ሻምፒዮና የተጠናቀቀው እዚያ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ሲያደንቅ እኔ ቆሼ ታወሰኝ። መጋቢት 2017 ላይ የአዲስ አበባው የቆሻሻ ክምር ተደርምሶ ከመቶ በላይ ሰው ገደለ። እዚህም እዚያም ቆሻሻ ነው፤ አንዱ ላይ ሜዳሊያ ይሰጣል፣ አንዱ ሥር ሰው ይኖር ነበር። ከዚያ በኋላ ወደዚያ ኮረብታ የመሄድ ፍላጎት አጣሁ።

ተራራ የመሥራት አምሮት ግን አላቸው። በ2011 ታይስ ዞኔቬልድ የሚባል የቀድሞ ብስክሌተኛ ጋዜጠኛ “2,000 ሜትር ተራራ እንሥራ” ብሎ ጻፈ። ቀልድ ይመስል ነበር፤ መሐንዲሶችና ድርጅቶች ግን ተሰብስበው መከሩበት። የታሰበው ደግሞ እኔ ባለሁበት ክፍለ ሀገር፣ በፍሌቮላንድ። አልተሠራም። ሳስበው ይቆጨኛል፤ መስኮቴ ላይ ይታየኝ ነበር።

እስካሁን ያወራሁት ሁሉ ሳቅ ነበር። ሳቁን ያስቆመኝ አንድ ቃል ነው።

የትራፊክ ቃላት በምንማርበት ቀን አስተማሪያችን የመንገድ ሥዕል አሳየችን። እግረኛ ሲሻገር መሐል መንገድ ላይ ቆሞ መኪና የሚያሳልፍባት ከፍ ያለች ቦታ አለች አይደል? ቭሉኽትሄቨል ትባላለች። ሄቨል ኮረብታ ነው። ቭሉኽት ሽሽት ነው። የመሸሻ ኮረብታ። ቃሉን ደብተሬ ላይ ስጽፍ እጄ ቆመ። ምክንያቱም ከዚያ በፊት ለወራት በየቢሮው የሰማሁት የራሴ መጠሪያ ቭሉኽተሊንግ ነበር። ስደተኛ። አንድ ቃል ነው። ያቺ የአንድ ስንዝር ከፍታ ያላት የሲሚንቶ ጉብታ እና እኔ አንድ ስም ነው ያለን።

ይህን ለጎረቤቴ ነገርኳቸው። ጎረቤቴ የዜላንድ ሰው ናቸው፣ ሸምግለዋል። እዚህ ሀገር ጎረቤት በስሙ ነው የሚጠራው። እኔ በክብር ሳናግራቸው “አርጅተሃል ማለትሽ ነው?” ይሉኛል። በአማርኛ ሳስባቸው ግን አንቱ ናቸው፤ ሌላ አይሆንልኝም።

አልሳቁም። “እኛ ጋ ደግሞ ቭሊድቤርኽ ነው የሚባለው” አሉ። እሱም የመሸሻ ተራራ ማለት ነው። ዜላንድ ውስጥ ከሜዳው መሐል ብቻቸውን የቆሙ ክብ የአፈር ጉብታዎች አሉ። የታሪክ ሰዎች በመካከለኛው ዘመን ባላባቶች ምሽግ የሠሩባቸው ናቸው ይላሉ። የሀገሬው ሰው ግን ስሙን ያወጣላቸው ለሚፈልጋቸው ነገር ነው። ከዚያ ስለ 1953 ነገሩኝ። ጥር 31 ለየካቲት 1 አጥቢያ፣ ማዕበል ግድቡን ሰብሮ ገባ። 1,836 ሰው ሞተ። እሳቸው ገና ልጅ ነበሩ። የሚያስታውሱት ብዙ አይደለም፤ ጣራ ላይ መሆናቸውን፣ ብርዱን፣ እና ሲነጋ ግድቡ ላይ ተሰልፈው የቆሙ ላሞችን። “ከዚያ ሁሉ ነገር ላሞቹ ናቸው የቀሩኝ” አሉ። “ከፍ ያለውን ቦታ ማን እንዳሳያቸው አላውቅም።”

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት።

ሰሜን ላይ፣ ፍሪስላንድና ኽሮኒንገን ውስጥ፣ ቴርፕ የሚባሉ ጉብታዎች አሉ። ከ2,500 ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ በሰው እጅ የተቆለሉ ናቸው። ያኔ ግድብ የለም። ባሕሩ ሲሞላ ሜዳውን ሁሉ ይሸፍናል። ሰዎቹ ጭቃ ቆለሉ፣ ቤት ሠሩበት። ሲሰምጥባቸው ደግሞ ጨመሩበት። ምን ጨመሩበት መሰላችሁ? ፍግ። የከብት ፍግና ጭቃ፣ ፍግና ጭቃ፣ ለብዙ መቶ ዓመታት። ከፍተኛው ሄኸበይንቱም መንደር ላይ ያለው ነው፤ 8.8 ሜትር። አናቱ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሄጄ አይቼዋለሁ። ጎኑ ተቆርሶ ገደል መስሏል። በአሥራ ዘጠነኛውና በሃያኛው ክፍለ ዘመን የቴርፕ አፈር ለም ነው ተብሎ በጀልባ እየተጫነ ለማዳበሪያ ተሸጧል። ያው ፍግ አይደል። ግድብ ከተሠራ በኋላ ተራራው ምን ያደርግላቸዋል? ቸበቸቡት።

ቴርፕ የሚለው ቃል ትርጉሙ በጥንቱ የፍሪስላንድ ቋንቋ “መንደር” ነው። ይህን ሳነብ ብቻዬን ጮክ ብዬ “አምባ!” አልኩ። አምባ በኛም ሁለት ነው። ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ሜዳ የሆነ ተራራ አምባ ነው። የሰው መንደርም አምባ ነው። ሕፃናት አምባ ስንል ገደል አይደለም የምንለው። የኛዎቹ ከጠላት ሽሽት የተዘጋጀ አምባ ፈልገው ወጡ፤ እነዚህ ከውሃ ሽሽት ራሳቸው ሠሩት። ቤተ ክርስቲያኑን ግን ሁለቱም አናቱ ላይ ነው የተከሉት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ፕሊኒ የሚባል ሮማዊ በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የዚህን ባሕር ዳርቻ ሰዎች አይቶ ጽፏል፤ ያያቸው ዛሬ ጀርመን በሆነው በኩል፣ የፍሪስላንድ ጎረቤቶችን ነው። በጉብታ ላይ ይኖራሉ፣ ውሃው ሲሞላ መርከበኛ፣ ሲጎድል ደግሞ መርከቡ የተሰበረበት ሰው ይመስላሉ ይላል። አዝኖላቸዋል። ከብት እንኳ የላቸውም ብሏል። ውሸት! ጉብታዎቹ ተቆፍረው ሲታዩ ፍግ በፍግ ናቸው፤ የከብት አጥንትም ሞልቷል። ሮማዊው ተራራውን አየ፣ ከብቱን አላየም። እናቴ ብትሆን መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ ከብቱ ነበር።

ባለፈው የፀደይ ወር ጎረቤቴ በመኪናቸው ስኾክላንድ ወሰዱኝ። ስኾክላንድ ደሴት ነበር፤ ጠባብ፣ ረጅም፣ ማዕበል የሚበላው። ሰዎቹ በጥቂት ጉብታዎች ላይ ተጨናንቀው ይኖሩ ነበር። በ1859 ንጉሡ ውጡ አላቸውና ወደ 650 የሚሆኑ ሰዎች ቤታቸውን አፍርሰው ተሰደዱ። በ1942 ዙሪያው ያለው ባሕር ደረቀ። አሁን ስኾክላንድ በድንች ማሳ መሐል የቆመ ደሴት ነው። ወደቡ አለ፤ ውሃ የለውም። የመርከብ ማሠሪያው ግንድ አለ፤ ፊት ለፊቱ ሣር ነው። ዩኔስኮ በ1995 መዝግቦታል፤ ከሆላንድ የመጀመሪያው።

ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት ጉብታ ላይ ወጣን። ወጣን ማለት፣ ትንሽ ተራመድን። እሳቸው ግን ከዘራቸውን ተደግፈው አረፉ። ከላይ ሜዳው ወለል ብሎ ይታያል። ነፋስ አለ። ለእናቴ በቪዲዮ ደወልኩና ስልኩን አዞርኩላት።

“ይሄ ነው ተራራው?”

“ይሄ ነው እማ።”

“በእጃቸው የሠሩት?”

“በእጃቸው።”

ብዙ አየች። ከዚያ “ቆይ ቆይ፣ መልሺው” አለች። “ወደ ግራ። ያቺ ብቻዋን የቆመችው ላም የማን ናት?”

እኔ አላየኋትም ነበር። መንጋው ወዲያ ማዶ ነው፤ አንዲት ነጭና ጥቁር ላም ከቦዩ ዳር ተለይታ ቆማለች። ጎረቤቴን ጠየቅኳቸው። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

“አላውቅም” አሉ። “ግን አይተናታል በያት።”